መፍቻ ሳትጨብጡ የአውሮፕላን ጥገና ላይ ማገልገል፦ ሲቪል ኤር ፓትሮል ውስጥ ከየት ትጀምራላችሁ?

አሜሪካ የምትኖሩ፣ አውሮፕላን የምትወዱ፣ ግን «አብራሪም አይደለሁ፣ መካኒክም አይደለሁ» ብላችሁ የቀራችሁ ካላችሁ ይሄ ለእናንተ ነው። ሲቪል ኤር ፓትሮል በጎ ፈቃደኛ ይፈልጋል። በተለይ ጥገናው ላይ የሚከታተል ሰው።

ድርጅቱ በ1941 (እ.ኤ.አ.) የተቋቋመ ሲሆን ከ1948 ጀምሮ የአሜሪካ አየር ኃይል ረዳት ነው፤ አባላቱ ግን ሲቪሎች ናቸው። የጠፋ ሰው ይፈልጋሉ፣ አደጋ የደረሰበትን ቦታ ከአየር ላይ ፎቶ ያነሳሉ፣ ታዳጊዎችን ስለ አቪዬሽን ያስተምራሉ። ከ500 በላይ ትናንሽ አውሮፕላኖች አሏቸው፤ አብዛኞቹ ባለ አንድ ሞተር ሴስና ናቸው።

ለመግባት ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ያስፈልጋል። የጣት አሻራ ትሰጣላችሁ፣ የጀርባ ታሪካችሁ ይጣራል። ልጆች ካሏችሁ ከ12 ዓመት ጀምሮ ካዴት (ታዳጊ አባል) መሆን ይችላሉ። ከመመዝገባችሁ በፊት በአቅራቢያችሁ ያለ ስኳድሮን (የድርጅቱ የአካባቢ ክፍል) ስብሰባ ላይ በእንግድነት ተገኙና ሰዎቹን እዩ። የጥገና መኮንኑን አስተዋውቁኝ በሉ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይግባችሁ። ከባዱን ጥገና የሚሠራው ፈቃድ ያለው መካኒክ ነው፣ ተከፍሎት። የበጎ ፈቃደኛው ሥራ አውሮፕላኑ መቼ ምን እንደሚያስፈልገው ማወቅ፣ ብልሽቱን በትክክል ማስመዝገብ፣ ወደ ጋራዥ እንዲሄድ ማመቻቸትና ሲመለስ ወረቀቱን ማየት ነው። ቀላል እንዳይመስላችሁ።

ብልሽት አጻጻፍ ላይ ጊዜ ስጡ። «ሬዲዮ አይሠራም» ብሎ የጻፈ ሰው ለመካኒኩ ምንም አልነገረውም። «ቁጥር 2 ሬዲዮ ይሰማል፣ ማስተላለፍ ግን አይችልም፤ ከተነሳን ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጀመረው፤ ሄድሴት ቀይረን ሞክረናል፣ ለውጥ የለም» ብሎ የጻፈ ግን የመካኒኩን ጊዜ ቆጥቧል፣ የድርጅቱንም ገንዘብ። አብራሪው ከአውሮፕላኑ ሲወርድ ትዝታው ትኩስ እያለ ጠይቁት። ነገ ሲሆን ግማሹን ይረሳዋል።

ከዚያ የቀን መቁጠሪያው ይመጣል። ዓመታዊ ምርመራ በየ12 ወሩ ነው፤ የሚቆጠረው በወር ስለሆነ ጊዜው የሚያልቀው በወሩ የመጨረሻ ቀን ነው። ትራንስፖንደር (አውሮፕላኑን ለራዳር የሚያሳውቀው መሣሪያ) በየ24 ወሩ ይፈተሻል። የአደጋ ጊዜ ምልክት የሚያስተላልፈው መሣሪያ በየዓመቱ ይታያል፤ ባትሪው ደግሞ ከዕድሜው ግማሹ ሲያልቅ፣ ወይም ተጠራቅሞ ከአንድ ሰዓት በላይ ከሠራ መቀየር አለበት። እነዚህን በአንድ ሠንጠረዥ ያዟቸውና ቀኑ ከመድረሱ ከወር በፊት ጋራዥ ቀጠሮ አስይዙ፤ ጋራዦች ሁልጊዜ ወረፋ አላቸው፣ በመጨረሻው ሳምንት ከደወላችሁ አውሮፕላኑ ቆሞ ይከርማል፣ በዚያው ሳምንት የጠፋ ሰው ፈልጉ የሚል ጥሪ ቢመጣ ደግሞ የሚነሳ አውሮፕላን የለም።

እጥበት የጀማሪ ሥራ ነው ይባላል። እኔ ግን በጣም አከብረዋለሁ። መስታወት የሚመስለው የፊት መከለያ ፕላስቲክ ነው፤ አሞኒያ ያለበት የመስኮት ማጽጃ ያበላሸዋል፣ ደረቅ ጨርቅ ይጭረዋል። ቀለበታችሁን አውልቁ፣ መጀመሪያ ብዙ ውሃ አፍስሱበት፣ ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ተጠቀሙ። አውሮፕላኑ ጎን ላይ ያሉት ትናንሽ የአየር ቀዳዳዎች ከፍታና ፍጥነት የሚለኩት መሣሪያዎች የሚተነፍሱባቸው ናቸው። ውሃ በኃይል አትርጩባቸው። ከሸፈናችኋቸውም ሽፋኑ በደማቁ የሚታይ ይሁን፣ ስትጨርሱ አንሱት፣ ሌላ ሰው ደግሞ መነሳቱን ያረጋግጥ። በ1996 የኤሮፔሩ ቦይንግ 757 ከሊማ ተነስቶ ባሕር ላይ የወደቀው ለጽዳት ተብሎ ቀዳዳዎቹ ላይ የተለጠፈ ቴፕ ሳይነሳ በመቅረቱ ነው። 70 ሰው አለቀ። ስለዚህ እጥበቱን ለልጆች ብቻ ትታችሁ አትሂዱ።

አውሮፕላኑ ከጋራዥ ሲመለስ ሎግ ቡኩን (የጥገና መዝገቡን) ክፈቱ። የተሠራው ሥራ፣ ቀኑ፣ የመካኒኩ ፊርማና የፈቃድ ቁጥር መኖር አለበት። ያስመዘገባችሁት ብልሽት እያንዳንዱ መልስ አግኝቷል? አንዱ ከተዘለለ ደውሉ። አብራሪው ቢቸኩልም፣ አለቃ ቢሆንም፣ አጠራጣሪ ነገር እስኪጣራ አይብረር በሉ። ደግሞ ዘይት መቀየርም ሆነ ካንዴላ መፍታት ብትችሉ እንኳ ከዊንጉ (ስኳድሮኖቹን በክፍለ ግዛት ደረጃ የሚመራው ክፍል) የጥገና መኮንን ፈቃድ ሳታገኙ ምንም አትንኩ።

አገር ቤት አውሮፕላን ስትጠግኑ ኖራችሁ አሁን ሌላ ሥራ ላይ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እናንተንም በጣም እንፈልጋችኋለን። የአሜሪካ የመካኒክነት ፈቃድ ለማግኘት ትምህርቱን ከዜሮ መጀመር የግድ አይደለም። በአውሮፕላን አካልም በሞተርም ላይ በአንድነት የ30 ወር የሥራ ልምድ በማስረጃ ካሳያችሁ፣ በኤፍ ኤ ኤ (የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን ባለሥልጣን) አካባቢ ጽሕፈት ቤት ተጣርቶ ለፈተና ትቀርባላችሁ፦ የጽሑፍ፣ የቃልና የተግባር። እንግሊዝኛ ማንበብ፣ መጻፍና መናገር ያስፈልጋል። የቀድሞ አሠሪያችሁ የሚጽፈው ደብዳቤ በየትኛው አውሮፕላንና ሞተር ላይ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ምን ዓይነት ሥራ እንደሠራችሁ በዝርዝር ይናገር። ደብዳቤው ቶሎ ላይደርስ ስለሚችል ዛሬውኑ ጠይቁ፤ እስኪመጣ ድረስ ስኳድሮኑ ውስጥ የመዝገቡን ሥራ ያዙ።