ቀይ ቀዩን ልቀሙ፦ ከብራንች አንድ ኮሚት ብቻ ስትፈልጉ

እዚህ ባሕር ዳር ወደ ዘጌ ለሚሄዱ ጀልባዎች የትኬት ሲስተም እየሠራሁ ነበር። የኮዱን ለውጦች መዝግቦ በሚይዘው ጊት ላይ ለቴሌብር ክፍያ ለብቻው ብራንች (ከዋናው ኮድ የተነጠለ ቅርንጫፍ) ከፍቻለሁ፣ ግማሹ ገና ነው። እዚያው ላይ እያለሁ አንድ ስህተት አየሁና አረምኩ፤ የደርሶ መልስ ትኬት የመሄጃውን ብቻ ነበር የሚያስከፍለው። ቅዳሜ ጠዋት ባለጀልባው ደወለ። «ወንድሜ፣ ዛሬ ሰው በሰው ላይ ነው፣ ዋጋውን አስተካክልልኝ እንጂ!» ቸኮልኩና ብራንቹን እንዳለ ሜይን (ዋናው ብራንች) ላይ ሜርጅ አደረግሁት፣ ማለትም ሁሉንም ቀላቀልኩት። ዋጋው ተስተካከለ፣ የክፍያው ገጽ ግን አልከፈት አለ።

ዘጌ ቡና ሲለቀም ያየ ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ቀይ ቀዩን ለቅመህ ጥሬውን ትተዋለህ፤ ቅርንጫፉን ከሸመጠጥከው አረንጓዴውም አብሮ ይመጣል። ቼሪ-ፒክ ለቀማ ነው፤ ከብራንቹ አንዱን ኮሚት፣ ማለትም አንዱን የተመዘገበ ለውጥ፣ ብቻ ወደ ሜይን ማምጣት። ሜርጅ ደግሞ ቅርንጫፉ ሁሉ ሲበስል ነው፣ ያኔ ምን ቸገረ።

ትእዛዞቹን በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፣ ተርሚናሉ ላይ ግን በእንግሊዝኛ ነው። መጀመሪያ «ጊት ሎግ ቴሌብር» ብላችሁ (ቴሌብር የብራንቹ ስም ነው) የምትፈልጉትን ኮሚት ሃሽ፣ ማለትም መለያውን፣ ያዙ። ሙሉው 40 ፊደልና ቁጥር ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያዎቹ 7 ይበቃሉ። ከዚያ «ጊት ስዊች ሜይን»፣ ቀጥሎ የቅርቡን ለማምጣት «ጊት ፑል»፣ ከዚያ «ጊት ቼሪ-ፒክ ሰረዝ ኤክስ» ብላችሁ ሃሹን። ሰረዝ ኤክሷን አትርሱ፤ ከየትኛው ኮሚት እንደተወሰደ መልእክቱ ላይ ትጽፍላችኋለች፣ ከሦስት ወር በኋላ ታመሰግኑኛላችሁ። ኮንፍሊክት ከመጣ (ሁለቱ ብራንቾች አንድ ቦታ በተለያየ መንገድ ተቀይረው ሲጋጩ) ፋይሉን አስተካክሉ፣ «ጊት አድ» ከፋይሉ ስም ጋር፣ ከዚያ «ጊት ቼሪ-ፒክ ሰረዝ ሰረዝ ኮንቲኒው»። ከተምታታባችሁ በኮንቲኒው ፈንታ «አቦርት» በሉት፣ ወደነበረበት ይመለሳል።

ኮንፍሊክት አልመጣም ማለት ግን ይሠራል ማለት አይደለም። ያረማችሁት ኮድ ከእሱ በፊት ባለ ኮሚት የተጻፈ ፋንክሽን የሚጠራ ከሆነ፣ ጊት ዝም ብሎ ያሳልፈዋል፣ ሜይን ላይ ግን ፋንክሽኑ የለም። ስለዚህ ፑሽ ከማድረጋችሁ በፊት አስነሥታችሁ ሞክሩት። ደግሞ እርማቱንና የክፍያውን ሥራ አንድ ኮሚት ውስጥ ከጠቀጠቃችሁት (እኔ ድሮ «ማስተካከያ» እያልኩ የቀኑን ሁሉ እጠቀጥቅ ነበር) የሚለቀም ነገር የለም፣ ሁለቱም አብረው ይመጣሉ።

ሌላው፣ ቼሪ-ፒክ ይቀዳል እንጂ አያዛውርም። ሜይን ላይ የሚቀመጠው አዲስ ሃሽ ያለው አዲስ ኮሚት ነው፣ የድሮውም ብራንቹ ላይ አለ። ኋላ ብራንቹን ሜርጅ ስታደርጉ ለውጡ አንድ ዓይነት ከሆነ ጊት ያልፈዋል፣ ሎጉ ላይ ግን ሁለት ጊዜ ይታያል። በመሀል ብራንቹ ላይ እነዚያኑ መስመሮች ነካክታችሁ ከሆነ ኮንፍሊክት ጠብቁ። አንድ ሁለት ኮሚት ከሆነ ልቀሙ፤ አምስት ስድስት ከሆነ ግን ብራንቹን ጨርሳችሁ ሜርጅ አድርጉት።

የእኔን ቅዳሜ ያዳነው «ጊት ሪቨርት ሰረዝ ኤም 1» እና የሜርጁ ሃሽ ነው (ሪቨርት የገባውን ለውጥ በአዲስ ኮሚት መቀልበስ ነው፣ ሰረዝ ኤም 1 ደግሞ የሜይንን ወገን ያዝ ማለት ነው)፣ ከዚያ የዋጋውን ኮሚት ብቻ ለቀምኩ። ይሄ መንገድ አንድ ጣጣ አለው፦ ጊት ያ ብራንች ሜርጅ መደረጉን ያስታውሳል። ቴሌብሩ አልቆ እንደገና ሜርጅ ሳደርገው አሮጌዎቹ ኮሚቶች አልመጡም፤ መጀመሪያ ያንን ሪቨርት ራሱን ሪቨርት ማድረግ ነበረብኝ።