ትንሽ የሥነ ልቦና ጥናት እንዴት ይሠራል? ከፈቃድ መጠየቅ እስከ ቁጥር መተንተን

የሰዎችን ጭንቀት በመጠይቅ ሊለኩ ተነሥተዋል እንበል። ብዙ ጀማሪ ተመራማሪ ስታቲስቲክሱን ለኮምፒዩተር፣ ሥነ ምግባሩን ለፈቃድ ቅጹ ይተወዋል። እኔ ግን ሁለቱ አንድ ሥራ ናቸው ባይ ነኝ፤ ሠንጠረዡ ላይ ያለው ቁጥር ሁሉ ጊዜውን ሰጥቶ ስለ ራሱ የነገረን ሰው ነውና።

መጀመሪያ ዕቅድዎን ይጻፉ። መላምትዎ ምንድን ነው? ስንት ሰው ይጠይቃሉ? ምኑን ከምኑ ያነጻጽራሉ? የትኛውን መልስ፣ በምን ምክንያት ከስሌቱ ያወጣሉ? ይህ ሁሉ መረጃ ከመሰብሰብዎ በፊት ቀን ተጽፎበት ይቀመጥ፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴም አስቀድሞ ያጽድቀው።

ከዚያ ፈቃድ ይጠይቁ። ተሳታፊው ስለ ምን እንደሚጠየቅ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድበት፣ መልሱን ማን እንደሚያየው ይወቅ። በፈለገ ጊዜ ማቋረጥ እንደሚችል በቃልም ይንገሩት። ይህ ለወጉ የሚባል ነገር አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ስታንሊ ሚልግራም እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው ጥናት ከ40 ተሳታፊዎች 26ቱ ሌላ ሰው በኤሌክትሪክ የሚቀጡ እየመሰላቸው እስከ መጨረሻው 450 ቮልት ደርሰዋል። እያላባቸውና እየተንቀጠቀጡ ማቆም ሲፈልጉ እንዲቀጥሉ ይነገራቸው ነበር።

ስምን ከመልስ ይለዩ። ለእያንዳንዱ ሰው ኮድ ይስጡ፤ ኮዱን ከስም የሚያገናኘው ዝርዝር ለብቻው ተቆልፎ ይቀመጥ።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ከማስላትዎ በፊት መልሶቹን አንድ በአንድ ይመልከቱ። የሰባት ሰዎች የጭንቀት ውጤት 12፣ 14፣ 15፣ 15፣ 16፣ 18 እና 36 ነው እንበል። አማካዩ 18 ነው፤ ነገር ግን ከአንዱ በቀር ከ18 ያለፈ የለም። ሚዲያኑ፣ ማለትም በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሀል ላይ የሚውለው፣ 15 ነው። ውጤቶቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚያሳየው ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ደግሞ 8.1 ገደማ ይሆናል። 36ን ቢያወጡት አማካዩ 15፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 2 ይሆናል። ሠንጠረዡ ያምራል፤ ፈተናውም እዚህ ላይ ነው። መጠይቁን አውጥተው ያመሳክሩ። 16 ተብሎ የተሞላው 36 ሆኖ ገብቶ ከሆነ ያርሙና እርማቱን ይመዝግቡ። በትክክል 36 ከሆነ ግን ይቆይ፤ አማካዩንም ሚዲያኑንም ሪፖርት ያድርጉ። ከዚህም በላይ፣ ከዚያ ቁጥር ጀርባ እየተሠቃየ ያለ ሰው ሊኖር ይችላል። ከፍተኛ ውጤት ሲታይ የኮድ ዝርዝሩ ተከፍቶ ሰውየው ወደ ምክር አገልግሎት እንደሚመራ የፈቃድ ቅጹ ላይ አስቀድሞ መጻፍ ያለበት ለዚህ ነው።

ቡድኖችን ሲያነጻጽሩ ፒ-ቫልዩ ያገኛሉ። ትርጉሙ ብዙ ጊዜ ይሳታል። መላምትዎ እውነት የመሆን ዕድል አይደለም፤ በእርግጥ ልዩነት ባይኖር ኖሮ ይህን የሚያህል ወይም የሚበልጥ ልዩነት በአጋጣሚ የመታየት ዕድል ነው። የተለመደው ወሰን 0.05 ነው፤ ፒ-ቫልዩው ከዚህ በታች ሲሆን ውጤቱ እንደ ተሳካ ይቆጠራል። ምንም ልዩነት በሌለበት 20 የማይገናኙ ንጽጽሮችን ቢሞክሩ ቢያንስ በአንዱ ከወሰኑ በታች የመውረድ ዕድልዎ 64 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ የሞከሩትን ሁሉ ይጻፉ፤ የተሳካውን ብቻ መርጦ ማቅረብ አንባቢን ማሳሳት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ትልቅ ሥራ 100 የሥነ ልቦና ጥናቶችን እንደገና ሠርቶ ሞክሮ ነበር፤ ከመጀመሪያዎቹ 97 በመቶው ከወሰኑ በታች ሲሆኑ ከተደገሙት ግን 36 በመቶው ብቻ ናቸው።

ሲጨርሱ ወደ ተሳታፊዎቹ ይመለሱ። የጥናቱን ዓላማ ያስረዷቸው፤ የደበቁት ነገር ካለ ለምን እንደደበቁት ይንገሯቸው፤ መልሱን ማስወጣት የሚፈልግ ካለም ያውጡለት።