የስታር ትሬክን ክፉዎች ደረጃ ስታወጡ እንዲህ ተከራከሩ

ስለ ጠፈር መርከቦች በሚተርኩት የስታር ትሬክ ተከታታዮችና ፊልሞች ክፉዎች ላይ የሚነሳው ክርክር ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ገና ሳይጀመር ነው። አንዱ «ምርጡ ክፉ» ሲል በጣም ያስፈራውን ማለቱ ነው። ሌላው ደግሞ ሲያየው ደስ የሚለውን። ሦስተኛው ስንት ሰው እንደገደለ ይቆጥራል። እንዲህ ሆነው እስኪነጋ ቢጯጯሁ አይገናኙም። እኔና ታላቅ ወንድሜ አንድ ክረምት ሙሉ በካንና በቦርግ ስንነታረክ ከርመናል፤ ካን በቀል የሚፈልግ አንድ ሰው ነው፣ ቦርግ ደግሞ ሰውን እየያዘ ግማሽ ማሽን የሚያደርግ ዘር። እሱ የሚያወራው ስለ ጉልበት፣ እኔ የማወራው ስለ ሰውየው መሆኑ የገባን በጣም ዘግይቶ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ መለኪያችሁን ተስማሙበት። የእኔ ይሄ ነው፦ ይህ ክፉ ባይመጣ ኖሮ ደጉ ሰው ስለ ራሱ ምን ሳያውቅ ይቀር ነበር? ጉልበት አይደለም፣ የሬሳ ብዛትም አይደለም። ሌላ መለኪያ ካላችሁ ችግር የለም፣ ግን ከመጀመራችሁ በፊት ተናገሩት። ማን እስከየት እንዳየም ጠይቁ። ዲፕ ስፔስ ናይን የሚባለውን ተከታታይ ገና ሁለተኛው ሲዝን ላይ ላለ ሰው የዚያን ተከታታይ ክፉ፣ የዱካትን፣ መጨረሻ መንገር ግፍ ነው።

ቀጥሎ፣ ስም ብቻ ይዛችሁ አትምጡ። አንድ ትዕይንት ይዛችሁ ኑ። «ማድሬድ ይበልጣል» ብሎ መጮህ ማንንም አያሳምንም። ይልቅ የ1992ቱን ክፍል አስታውሷቸው። ካርዴሲያኖች የሚባሉት ጠላቶች የመርከቧን አዛዥ ካፒቴን ፒካርድን ማርከው ያሰቃዩታል። መርማሪው ጉል ማድሬድ («ጉል» የጦር ማዕረግ ነው) ደጋግሞ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ስንት መብራት ይታይሃል? መብራቶቹ አራት ናቸው። እሱ አምስት በል ይለዋል። እኔን የሚያንዘፈዝፈኝ ግን ማሰቃየቱ ብቻ አይደለም። ሰውየው ትንሽ ልጁን እዚያው ክፍል ውስጥ ያስገባታል። እቅፍ ያደርጋታል። ልጅቷ የሰው ልጆችም እናትና አባት አላቸው ወይ ብላ ትጠይቃለች፣ እሱም አዎ አላቸው፣ ግን እንደኛ ልጆቻቸውን አይወዱም ይላታል። ፒካርድ እዚያው ቁጭ ብሎ ይሰማል። ይኼ አባት ልጁን በእውነት ይወዳታል፣ ለዚህ ነው የሚያስፈራው።

ማድሬድ በልጅነቱ ተርቦ ስላገኘው እንቁላልና ሊቀማው ስለመጣ ትልቅ ልጅ፣ ክንዱን እንዴት እንደሰበረበት ራሱ ያወራል። ፒካርድ ያቺን ወሬ ይዞ መልሶ ይወጋዋል፦ ከእንግዲህ ሳይህ የሚታየኝ የስድስት ዓመት ልጅ ነው ይለዋል። አሸነፈ ትላላችሁ። ግን በመጨረሻ ነፃ ወጥቶ መርከቡ ላይ ሲመለስ፣ እውነትም አምስት መብራት ያየሁ መስሎኝ ነበር ብሎ ያምናል። በእኔ መለኪያ ከዚህ የሚበልጥ የለም። ማድሬድ ብቅ ያለው በአንድ ታሪክ፣ በሁለት ክፍል ብቻ ነው።

ካንን የሚያነሳ ሰው አይጠፋም፣ ልክም ነው። ግን የካንን ጉዳይ በንዴቱና በድምፁ ብቻ አታቅርቡት። በበደሉ አቅርቡት። የመጀመሪያው ተከታታይ ካፒቴን ኪርክ በ1967ቱ ክፍል ካንንና ተከታዮቹን ሴቲ አልፋ 5 የምትባል ፕላኔት ላይ አስፍሯቸው ይሄዳል። በስድስት ወሩ ጎረቤቷ ፕላኔት ትፈነዳለች፣ ቦታው በረሃ ይሆናል፣ የካን ሚስት ትሞታለች። ኪርክ አንድ ቀን እንኳን እንዴት ናችሁ ብሎ አላየም። የ1982ቱ ፊልም የሚነሳው ከዚህ ነው፣ ዋጋውን ደግሞ የሚከፍለው የኪርክ ጓደኛ ስፖክ ነው። አንድ ነገር ልጨምርላችሁ፣ ክርክር ላይ ሁሌም ይሠራል፦ በዚያ ፊልም ውስጥ ኪርክና ካን አንድ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ቆመው አያውቁም። ያ ሁሉ ጥላቻ በስክሪንና በሬዲዮ ነው ያለቀው። ሪካርዶ ሞንታልባን ያንን የቻለ ተዋናይ ነው።

ቦርግ ላይ ስትደርሱ በዘመን ክፈሉት። ይሄን ካላደረጋችሁ ሁለታችሁም ልክ ሆናችሁ ትጣላላችሁ። የ1989 ቦርግ መርከባችሁ ውስጥ ገብቶ ዞር ብሎ እንኳን አያያችሁም። አይደራደርም፣ አይቆጣም። በ1990 ፒካርድን ወስደው ሎኪውተስ የተባለ አፈ ቀላጤያቸው አደረጉት፣ በእሱ እውቀት ዎልፍ 359 በተባለው ቦታ በተደረገው ጦርነት 39 መርከብ ወደመ፣ ወደ 11,000 የሚጠጋ ሰው አለቀ። ከሟቾቹ አንዷ የዲፕ ስፔስ ናይን ዋና ገጸ ባሕርይ የቤንጃሚን ሲስኮ ሚስት ነበረች። በ1993 ዲፕ ስፔስ ናይን ሲጀምር ሲስኮና ፒካርድ ሲገናኙ ሲስኮ ከዚህ በፊት ተገናኝተናል፣ ጦርነቱ ላይ፣ ሲለው የፒካርድን ፊት እዩት። ጉልበት ማለት ይሄ ነው፣ ጠባሳው ሌላ ተከታታይ ፊልም ድረስ የሚከተል።

ከዚያ በኋላ ግን በ1996 ንግሥት ተሰጣቸው። አሊስ ክሪጅ ግሩም ተጫውታዋለች፣ ያንን አልክድም። ቢሆንም ፊት የሌለው ነገር ፊት አገኘና መደራደር፣ መቆጣት፣ መቅናት ጀመረ። ቮያጀር የተባለው ተከታታይ ላይ ደግሞ አንዲት መርከብ ብቻዋን በተደጋጋሚ ታመልጣቸዋለች። በየጊዜው የሚሸነፍ ጠላት አያስፈራም።

አሁን ዱካት። እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ፣ ክርክሩ የሚሞቀው እዚህ ነው። ካርዴሲያኑ ጉል ዱካት ቤጆር የምትባለውን ፕላኔት በወረራ ዘመን የገዛ ሰው ነው፣ ማርክ አላይሞ ነው የተጫወተው። ሰውየው ይስቃል፣ ይጫወታል፣ ልጁን ይወዳል፣ አንዳንዴ ልታዝኑለት ትደርሳላችሁ። በ1997 አንድ ክፍል ላይ ከአጋሩ ከዌዩን ጋር ቁጭ ብሎ ቤጆሮች ያደረግሁላቸውን አላወቁልኝም፣ እስከ ዛሬ አንድ ሐውልት እንኳን አላቆሙልኝም ብሎ ያማርራል። ከልቡ ነው። የገረፈው ሕዝብ እንዲያመሰግነው የሚጠብቅ ሰው፣ ይሄ ነው ዱካት። አዝንለታለሁ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ በ1998 ከሲስኮ ጋር ዋሻ ውስጥ የቀሩበትን ክፍል አሳዩት። የተጎዳውን ሲስኮን ያስታምመዋል፣ ስለ ራሱ መልካም ቃል እንዲናገርለት ይለምነዋል፣ መጨረሻ ላይ ግን ቤጆሮችን ሁሉንም መግደል ነበረብኝ ብሎ ይፈነዳል። ቀይ ዓይን ያወጣበትና ከእሳት መናፍስት ጋር የገጠመበት ጊዜ ግን አይመቸኝም። ጋኔን ያደረበት ሰው ምክንያት አያስፈልገውም። ዱካት ደግሞ ሙሉ ክብደቱ ምክንያቱ ውስጥ ነበር።

ካይ ዊንን አትርሱብኝ። ሉዊዝ ፍሌቸር የተጫወተቻት የቤጆሮች የሃይማኖት መሪ ናት። ብዙውን ጊዜ መሣሪያዋ አንድ ቃል ነው፦ «ልጄ»። የቤጆሯን መኮንን ኪራን እንዲህ ብላ ስትጠራት ጥርሴን ነው የማፋጨው። እኛ ያቺን ቃል ከመቋሚያና ከመስቀል ጋር ስንሰማ ያደግን ሰዎች፣ ፍቅር የሌለባት «ልጄ» ምን ያህል እንደምትቀዘቅዝ ለማወቅ አስተርጓሚ አያስፈልገንም።

መጥፎዎቹን በተመለከተ አንድ ነገር ለዩልኝ። የሚጠላ ክፉ እና የማይረባ ክፉ አንድ አይደሉም። ዊን ትጠላለች፣ ስለዚህ ተሳክቶላታል። አርመስ ግን አይረባም። በ1988 አንድ ክፍል ላይ የመጣ፣ ጥቁር ዘይት የሚመስል ፍጡር ነው። ሌሎች ከውስጣቸው አውጥተው የጣሉት ክፋት ነኝ ይላል፣ ሌላ የሚጨምረው ነገር የለውም። ከፒካርድ መርከብ መኮንኖች አንዷን ታሻ ያርን በአንድ ምት ይገድላታል፣ ያለ ምክንያት። ሞቷ ያሳዝናል፣ ገዳይዋ ግን ከዚያ ክፍል በኋላ ትዝ አይለኝም።

ፌሬንጊዎች የሚባለው ዘር የተለየ ጉዳይ ነው። በ1987 ሲመጡ አዲሶቹ ትልልቅ ጠላቶች እንዲሆኑ ነበር የታሰበው። እየዘለሉ፣ እየተቅለበለቡ፣ የኤሌክትሪክ ጅራፍ ይዘው መጡ። ማንም አልፈራቸውም። እዚህ ላይ ተዋናዩንና ጽሑፉን ለዩ። ከእነዚያ የመጀመሪያዎቹ አንዱን የተጫወተው አርሚን ሺመርማን ነው፣ ያው ሰውዬ በ1993 ኳርክ ሆኖ ተመልሶ ያንን ዘር ሙሉ ሰው አደረገው። ጥፋቱ የተጫዋቹ እንዳልነበረ ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም።

ከተጣበቃችሁ አምስት አምስት ስም ጻፉና ተለዋወጡ። ከዚያ የማትስማሙበትን አንድ ክፍል ብቻ መርጣችሁ አብራችሁ እዩ፣ እያያችሁም አታውሩ። እኔና ወንድሜ ፒካርድ የተወሰደባቸውን የ1990 ሁለት የቦርግ ክፍሎች እንደገና አየን። ሲያልቅ ዝም ብሎ ቆየና «እሺ፣ ቦርግ አንደኛ የምለው እስከዚህ ድረስ ያለውን ነው፣ ንግሥቷን አልቆጥርም» አለኝ። እኔም ቦርግን ከአምስተኛ ወደ ሦስተኛ አነሳሁት። ማድሬድ ግን ከአንደኛ አይወርድም።