የሲክሊድ ጫጩት ዝርያን እንዴት መለየት ይቻላል

ሲክሊድ ቆሮሶን (ቲላፒያን) እና ብዙ የገንዳ ዓሦችን ያቀፈ የዓሣ ቤተሰብ ነው። ጫጩቱን፣ ማለትም ገና ያልጎለመሰውን ዓሣ፣ ለመለየት መጀመሪያ ቀለሙን ይተዉት። ብዙዎቹ የማላዊ ሐይቅ ዝርያዎች በጫጩትነታቸው ግራጫ ወይም ብርማ ናቸው፤ ሌሎች ደግሞ ሲያድጉ ፈጽሞ ይለወጣሉ። ለምሳሌ የማላዊው ሎምባርዶይ ጫጩት ጥቁር ቁም መስመር ያለው ሰማያዊ ነው፤ ወንዱ ሲጎለምስ ቢጫ ይሆናል። የታንጋኒካ ሐይቁ ዱቦይሲ በጥቁር ገላው ላይ የነበረው ነጭ ነጠብጣብ ጠፍቶ አንድ ነጭ ወይም ቢጫ መቀነት ብቻ ይቀርለታል። ዓሣው ሲክሊድ መሆኑን ራሱ ከተጠራጠሩ አፍንጫውን ይዩ፤ በየጎኑ አንድ አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው።

ቀጥሎ ሻጩን ይጠይቁ። የወላጆቹን ሳይንሳዊ ስም ካወቀ የሚቀረው ማረጋገጥ ነው። «ልዩ ልዩ ሲክሊድ» ተብሎ ከተደባለቀ ገንዳ የወጣ ከሆነ ግን ዲቃላ ሊሆን ይችላል፤ የማላዊ ዝርያዎች እርስ በርስ በቀላሉ ይዳቀላሉ። የዲቃላን ወላጆች ከፎቶ ለይቼ እነግርዎታለሁ የሚል ሰው የሚነግርዎት ግምቱን ነው።

ሁለት ዓይነት ፎቶ ያስፈልጋል። አንዱ ዓሣው ገንዳው ውስጥ ተረጋግቶ ሲዋኝ የሚነሳ ሲሆን ለምልክቶቹ ነው፤ የደነገጠ ሲክሊድ ምልክቱን ያደበዝዛል ወይም ሌላ ጊዜ የማይታይ ቁም መስመር ያወጣል። ሌላው በጠባብ ግልጽ ዕቃ ውስጥ፣ ልክ ከጎኑ፣ ክንፉን ሲዘረጋ የሚነሳ ነው፤ እሱ ቀጥሎ ለሚመጣው የክንፍ እሾህ ቆጠራ ነው። ፍላሽ አይጠቀሙ፤ ቅርፊቱ ያንጸባርቃል።

እሾህ መቁጠርን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ከሁሉ አብልጦ የሚጠቅመው ግን እሱ ነው። በሆዱ በኩል፣ ከፊንጢጣው ቀጥሎ ያለውን ክንፍ በፎቶው ላይ አጉልተው ይመልከቱ። የፊተኛው ክፍል በደረቅና ሹል እሾህ የተወጠረ ነው፤ የኋለኛው ለስላሳ፣ አንጓ ያለውና ጫፉ ላይ የሚከፈል ጨረር ነው። የሚቆጠረው እሾሁ ብቻ ነው። 3 ከሆነ የማላዊ ዝርያ፣ ቆሮሶ ወይም እንደ ኦስካር ያለ የደቡብ አሜሪካ ዓሣ ሊሆን ይችላል። 5 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ማላዊን ይሰርዙ፤ የመካከለኛው አሜሪካ ዝርያዎችንና ላምፕሮሎገስ የተባሉትን የታንጋኒካ ዓሦች ይፈትሹ። የመካከለኛው አሜሪካው ኮንቪክት ለምሳሌ ከ8 እስከ 10 አለው። አንጀልፊሽና ዲስከስም ብዙ እሾህ አላቸው፤ እነሱን ግን ቅርጻቸው ያሳብቅባቸዋል።

ቆጠራው የሚሳሳተው በሁለቱ ጫፎች ነው። የመጀመሪያው እሾህ በጣም አጭርና ከገላው ጋር የተጣበቀ በመሆኑ ይዘለላል፤ 2 ካገኙ እንደገና ይቁጠሩ። የመጨረሻው ረጅም ስለሆነ ከለስላሳው ጨረር ጋር ይምታታል። ከ3 ሴንቲ ሜትር በታች በሆነ ጫጩት ላይ ቆጠራው አያስተማምንም፤ ትንሽ ይደግ። በእጅ ይዞ መቁጠር ደግሞ የዓሣውን ልጋግ ይገፍፋል፤ መረብም እሾሁን ያጠላልፋል።

ከዚያ ጥቁር ምልክቱ የት እንዳለ ይዩ። የቆሮሶ ጫጩት በጀርባ ክንፉ ለስላሳ ክፍል ሥር ጥቁር ነጥብ አለው። ከማላዊ ዓሦች ኦራተስ አግድም መስመር፣ ብዙዎቹ ኮፓዲክሮሚሶች በጎናቸው 3 ነጥብ፣ ማይሎክሮሚስ ከማጅራቱ ወደ ጅራቱ ሥር የሚወርድ ሰያፍ መስመር አላቸው። ቅርጽም ቶሎ ይናገራል፦ የታንጋኒካው ኮምፕሬሲሴፕስ እንደ ቢላ ስስ ነው፤ የማላዊው ላቤኦትሮፊየስ አፍንጫ ከአፉ በላይ ተንጠልጥሏል።

በ4 ሴንቲ ሜትሩ ደምቆ የሚያበራ አውሎኖካራ (የማላዊ ሲክሊድ ወገን) ካዩ ሆርሞን ተሰጥቶት እንደሆነ ይጠርጥሩ፤ ቀለሙ በኋላ ሊደበዝዝ ይችላል፤ ሴትም ልትሆን ትችላለች። የአውሎኖካራ ሴቶችና ጫጩቶች በመልክ አይለዩም ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ እዚያ ላይ የወገን ስም ይዞ፣ «አውሎኖካራ» ብቻ ብሎ፣ ማቆም ይሻላል። ዝርያው እስኪለይ በየወሩ በዚያው አቅጣጫ ፎቶ ያንሱት፤ እንዳይዳቀልም ከሚመሳሰሉት ዓሦች ጋር አንድ ገንዳ ውስጥ እንዲጎለምስ አይተዉት።