በመጀመሪያው ረጅም ትራያትሎን ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ ከዚያም 42.2 ኪሎ ሜትር ሩጫ። ብዙዎቹ የሙሉ ርቀት ውድድሮች ይህን ሁሉ በ17 ሰዓት ውስጥ እንዲጨርሱ ይጠይቃሉ። ይህን የሰማ አማተር ስፖርተኛ መጀመሪያ የሚጠይቀው «አቅሙ አለኝ ወይ?» ብሎ ነው። አቅም በወራት ልምምድ ይገኛል። ወራት ሙሉ ተግተው የተዘጋጁ ሰዎች ከመንገድ ሲቀሩ ሳይ የሚያሳዝነኝ ግን ሌላ ነው፤ በዚህ ስፖርት ስህተቱ የሚሠራበት ሰዓትና ዋጋው የሚከፈልበት ሰዓት በጣም ይራራቃሉ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ብስክሌት ላይ የተሠራ ጥፋት የሚገለጠው ከቀትር በኋላ 10 ሰዓት ላይ፣ በሩጫው መካከል ነው። ያኔ የሚታረም ነገር የለም።

ልምምዱን ሁሉ በአንድ ፍጥነት መሥራት

የጀማሪ ልምምድ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት መልክ አለው። ቀላል መሆን የነበረበት ቀን ይከብዳል፤ ከባድ መሆን የነበረበት ቀን ደግሞ ድካሙ ስላልወጣ ይለዝባል። ለ12 ወይም ለ15 ሰዓት ጉዞ የሚያዘጋጀው ረጅምና የረጋ ልምምድ ነው፤ አጠገብዎ ላለ ሰው ሙሉ ዓረፍተ ነገር እየተናገሩ የሚሠሩት። ትንፋሽዎ ዓረፍተ ነገሩን መሀል ላይ ከቆረጠው ፈጥነዋል። የሳምንቱ አብዛኛው ሰዓት በዚህ ዓይነት ይለፍ፤ ለጠንካራው ልምምድ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይበቃል።

ሦስቱን ስፖርቶች ለየብቻ መለማመድም አይበቃም። ከረጅም ብስክሌት የወረደ እግር መጀመሪያ አልታዘዝ ይላል፣ እርምጃው ይዛባል። ከረጅሙ የብስክሌት ልምምድ በኋላ ጫማ ቀይረው ወዲያው 20 ወይም 30 ደቂቃ በዝግታ መሮጥ እግሩን ያስለምደዋል። ከቻሉም ከሙሉው ርቀት በፊት በ113 ኪሎ ሜትሩ የግማሽ ርቀት ውድድር ይሳተፉ፤ ከታች የማነሣቸውን ስህተቶች አብዛኞቹን በርካሽ የሚማሩት እዚያ ነው።

ከውድድሩ በፊት ባሉት ሁለት ወይም ሦስት ሳምንታት የልምምዱን መጠን መቀነስ ግድ ነው። ብዙ ሰው ግን ያመለጡትን ልምምዶች ለማካካስ የሚሯሯጠው በእነዚህ ቀናት ነው። የሠርግ ዕለት በርበሬ መቀንጠስ ማለት ይህ ነው። በመጨረሻው ሳምንት የተሠራ ረጅም ልምምድ ጉልበት ለመሆን ጊዜ ስለሌለው ድካሙ ብቻ ይቀራል።

ገንዳ ብቻ ዋኝቶ ወደ ሐይቅ ወይም ባሕር መግባት

ገንዳ ውስጥ ወለሉ ላይ መስመር አለ፣ ውኃው ይታያል፣ ግድግዳው ቅርብ ነው። በክፍት ውኃ ላይ ከእነዚህ አንዱም የለም። አቅጣጫውን ሳያይ የሚዋኝ ሰው ዚግዛግ እየሠራ ይሄዳል፤ 10 በመቶ ብቻ ቢስት 380 ሜትር ተጨማሪ ዋኘ ማለት ነው። መድኃኒቱ በየ6 ወይም በየ8 ቀዘፋው ዓይንን ብቻ ከውኃው በላይ ብቅ አድርጎ የሚንሳፈፈውን ምልክት ማየት ነው። ጭንቅላትን ሙሉ በሙሉ ካወጡ ዳሌ ይሰምጣል፣ እግርም እንደ ፍሬን ይይዛል።

ስለ ደኅንነት ደግሞ አለሳልሼ መናገር አልፈልግም። በትራያትሎን ከተመዘገቡት ሞቶች አብዛኞቹ የደረሱት በዋናው ክፍል ነው። ከልብ ጋር የተያያዘ ሕመም በቤተሰብዎ ካለ፣ ወይም ዕድሜዎ ከ40 ካለፈ፣ ልምምድ ከመጀመርዎ በፊት ሐኪም ያማክሩ። በውድድሩ ቀን ቀዝቃዛ ውኃ ትንፋሽን ይነጥቃል፤ ከመነሻው በፊት ገብተው ፊትዎን ነክረው ይለማመዱት። ለቀዝቃዛ ውኃ የሚለበሰውን የላስቲክ የዋና ልብስ ለመጀመሪያ ጊዜ በውድድሩ ጠዋት የለበሰ ሰው ደረቱ ሲታፈን ድንጋጤ ሊይዘው ይችላል። ድንጋጤ ከመጣ በጀርባ ይንጋለሉ፣ እጅዎን ያንሡ፣ የነፍስ አድን ሠራተኞቹን ታንኳ ይያዙ። ወደ ፊት እስካልወሰደዎት ድረስ ታንኳ መያዝ በብዙ ውድድሮች ከጨዋታ ውጭ አያደርግም። ትንፋሽ እያጠረ የሚያስል ሰው ግን መቀጠል የለበትም፤ ሳንባው ውኃ እየቋጠረ ሊሆን ይችላል።

ብስክሌቱ ላይ መፍጠን

ከሁሉ የሚከፋው ስህተት ይህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ከውኃው የወጣ ጀማሪ በጣም የሚፈራውን ክፍል አልፏል። ደስታ ላይ ነው፣ እግሩ ገና አልደከመም፣ ግራና ቀኝ ሰዎች እየቀደሙት ነው። ፔዳሉ ቀለለው። በእጁ ያሰረው ሰዓት የልቡ ምት ከፍ ማለቱን ያሳየዋል፤ እሱ ግን «ዛሬ ቀኔ ነው» ይላል።

ሂሳቡን እንሥራው። 180 ኪሎ ሜትርን በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሰው በ6 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ይጨርሳል። በሰዓት 30 የሚጓዘው ደግሞ በ6 ሰዓት። ትርፉ 26 ደቂቃ ነው። ነገር ግን በሜዳ መንገድ ላይ ብስክሌተኛ አብዛኛውን ጉልበቱን የሚያፈሰው አየሩን ለመግፋት ነው፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ኃይል የሚያድገው ደግሞ በፍጥነቱ ሦስተኛ ርቢ ነው። ስለዚህ ፍጥነትዎን 7 በመቶ ለመጨመር ለአየሩ ብቻ 23 በመቶ ያህል ተጨማሪ ኃይል ይከፍላሉ። ያ ኃይል የሚወሰደው ለሩጫው ከተቀመጠው ነው። አሁን ሩጫውን ይዩ። አንዱን ኪሎ ሜትር በ7 ደቂቃ የሚሮጥ ሰው ማራቶኑን በ4 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ይጨርሳል። እግሩ ከድቶት አንዱን ኪሎ ሜትር በ10 ደቂቃ የሚራመደው 7 ሰዓት ይፈጅበታል። 26 ደቂቃ ለማትረፍ ሲባል ከ2 ሰዓት በላይ ጠፋ።

ብስክሌቱ ላይ የኃይል መለኪያ ያለው ጀማሪ ለአንድ ሰዓት ያህል ሊያዘልቀው ከሚችለው ከፍተኛ ኃይል 65 በመቶ አካባቢ ቢይዝ ይበጀዋል። መለኪያ የሌለው የዓረፍተ ነገሩን ፈተና ይጠቀም። የመጀመሪያዎቹ 30 ኪሎ ሜትሮች «በጣም ቀስ አልኩ» የሚያሰኙ መሆን አለባቸው። ዳገት ላይ ማርሹን ያቅልሉ፣ ከኮርቻው ተነሥተው አይግፉ፤ የሚቀድምዎትን በሰላም ይሸኙት፣ ብዙዎቹን በሩጫው ላይ ያገኟቸዋል። የፍጥነቱን ቁጥር ከሰዓቱ ገጽ ላይ ቢያጠፉት ደግሞ እመርጣለሁ፤ ነፋስና ዳገት ባለበት መንገድ ያ ቁጥር ሰውን ከማስቸኮል በቀር አይጠቅምም።

እስኪራቡ መጠበቅ

በጡንቻና በጉበት የተከማቸው ካርቦሃይድሬት በጠንካራ እንቅስቃሴ 2 ሰዓት ገደማ ቢያዘልቅ ነው። ስብ ያግዛል፤ ብቻውን ግን ፍጥነት አያስጠብቅም። ስለዚህ በሰዓት 60 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት መውሰድ ያስፈልጋል። አንጀታቸውን በልምምድ ያስለመዱ ሰዎች እስከ 90 ግራም ይደርሳሉ፤ ለዚህም ግሉኮስና ፍሩክቶስ የተቀላቀሉበትን ይመርጣሉ። ሁለቱ ከአንጀት ወደ ደም የሚገቡት በተለያየ በር ነው፤ የግሉኮሱ በር በሰዓት 60 ግራም አካባቢ ሲደርስ ይሞላል።

ዋና ላይ መብላት አይቻልም፤ ሩጫ ላይ ሆድ ይናወጣል። መብያው ብስክሌቱ ነው። ከተሳፈሩ 15 ደቂቃ ገደማ ሲሆን ይጀምሩ፤ ሰዓትዎ በየ20 ደቂቃው እንዲጮህ ያድርጉት፣ በጮኸ ቁጥር ራበኝ አልራበኝም ሳይሉ 20 ግራም ይውሰዱ። ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ቀላል ነው። 120ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ጣቶቹ በላብና በስኳር የተጣበቁ ሰው፣ የጄሉን (በትንሽ ከረጢት የታሸገውን ወፍራም ጣፋጭ) ጫፍ በጥርሱ ቀድዶ፣ ያው የማለዳው ጣፋጭ ሽታ ሲደርሰው ፊቱን ያዞራል። ስለዚህ ጨው ጨው የሚልና የሚታኘክ ነገርም ይያዙ፤ ሁሉንም በረጅም ልምምዶች ላይ ደጋግመው ይሞክሩት። ሆድ እምቢ ካለ መጀመሪያ የሚደረገው ፍጥነት መቀነስ ነው። ጠንክረው ሲገፉ ደም ከአንጀት ወደ ጡንቻ ስለሚሸሽ የበሉት ሳይፈጭ ይቀመጣል። 10 ደቂቃ ቀስ ብለው ውኃ ብቻ ሲጎነጩ ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 በሃዋይ ኦዋሁ ደሴት በተካሄደው የመጀመሪያው የአይረንማን (የሙሉ ርቀት ትራያትሎን) ውድድር 15 ሰዎች ተነሥተው 12 ጨርሰዋል። ያኔ ተወዳዳሪው መጠጥ የሚያቀብሉትን ረዳቶች ራሱ ይዞ ይመጣ ነበር። ጆን ደንባር ወደ ሩጫው ሲገባ ይመራ ነበር፤ በመንገድ ላይ ረዳቶቹ ውኃ አለቀባቸውና ቢራ ሰጡት። ጎርደን ሃለር ቀድሞት በ11 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ አሸነፈ፤ ደንባር ከግማሽ ሰዓት በላይ ዘግይቶ ሁለተኛ ሆነ። ዛሬ ውኃ በመንገዱ ላይ በተዘረጉት የመጠጥ ጣቢያዎች ሁሉ ሞልቷል። በጣቢያዎቹ ምን ዓይነት መጠጥና ጄል እንደሚቀርብ አዘጋጆቹ አስቀድመው ስለሚያሳውቁ፣ ያንኑ ገዝተው አስቀድመው ይልመዱት።

ውኃ በብዛት መጠጣት

ጥማትን የፈራ ጀማሪ በየጣቢያው ውኃ ይገለብጣል። ሶዲየም ሳይተካ ውኃ ብቻ ሲበዛ የደም ሶዲየም ይወርዳል፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የጣት ማበጥና ግራ መጋባት ያስከትላል፣ ለሕይወትም ያሰጋል። አደጋው የሚከፋው ቀስ ብለው በሚጨርሱ ሰዎች ላይ ነው፤ ለመጠጣት ሰፊ ጊዜ አላቸውና። ከአንድ ሰዓት ልምምድ በፊትና በኋላ ሰውነትዎን ይመዝኑ፤ የቀነሰው 1 ኪሎ ግራም በግምት 1 ሊትር ላብ ነው። በሰዓት ከዚያ በላይ መጠጣት አያስፈልግም።

አዲስ ዕቃና ያልተነበበ ደንብ

ጫማ፣ ኮርቻ፣ ካልሲ፣ መነጽር፤ በውድድሩ ቀን አንዱም አዲስ አይሁን። ብብትና ጭን ላይ ቫዝሊን ይቀቡ። የተነፈሰ ጎማ በገዛ እጅዎ መቀየር ይልመዱ። ሄልሜትዎን ሳይቆልፉ ብስክሌቱን ከማስቀመጫው አያንሡ። ከፊት ካለው ብስክሌት የሚጠበቀው ርቀት በብዙ ውድድሮች 12 ሜትር ነው፤ የሚያጠብ የደቂቃዎች ቅጣት ያገኘዋል። የጆሮ ማዳመጫ ክልክል ነው፤ ቤተሰብ ከመንገድ ዳር የሚያቀብለው ምግብም እንዲሁ።

ሩጫውን እንደ ማራቶን መጀመር

ከብስክሌት የወረደ ሰው ለሰዓታት ፈጣን ጉዞ ስለለመደ የራሱን ፍጥነት አሳንሶ ይገምታል። ቀስ ያለ እየመሰለው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትሮች ይበራል። ሰዓትዎን ይመኑ፤ ከመጀመሪያው ጣቢያ ጀምሮም በየጣቢያው ለአንድ ደቂቃ እየተራመዱ ይጠጡ። ሲደክሙ መራመድና በዕቅድ መራመድ ለየቅል ናቸው፤ በዕቅድ የተራመደው ተመልሶ ይሮጣል።

የሰዓት ገደቡንም አስቀድመው ያስሉት። ውድድሩ ከተጀመረ በ10 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ከብስክሌት የወረደ ሰው በ17 ሰዓት ለመድረስ 6 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ቀርቶታል፤ አንዱን ኪሎ ሜትር በ9 ደቂቃ ከ14 ሰከንድ ማለት ነው። ፈጣን እርምጃ ብቻውን አያደርሰውም፣ ጥቂት ሩጫ ከተቀላቀለበት ግን ያደርሰዋል። «አለቀልኝ» ብሎ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ይህን ሂሳብ ቢያውቅ ኖሮ ሳይነሣ አይቀርም ነበር።

በአውሮፓውያኑ 1982 ጁሊ ሞስ በሃዋይ ውድድሩን ስትመራ ቆይታ፣ ከመጨረሻው መስመር ጥቂት ቀደም ብላ ወደቀች። ካትሊን ማካርትኒ አለፈቻት፤ ሞስ ግን እየዳኸች ጨረሰች። በቴሌቪዥን የታየው ያ ምስል ስፖርቱን ለዓለም አስተዋውቋል፤ እኔም አከብረዋለሁ። ለጀማሪ ግን ዕቅድ ሊሆን አይገባም። በእግርዎ ቆመው ይድረሱ፤ ከደረሱም በኋላ ወዲያው ከመጋደም 10 ደቂቃ በዝግታ ይራመዱ፣ ደረቅ ልብስ ይልበሱ። ራስዎን ካመመዎት ወይም ሐሳብዎ ከተምታታ ውኃ ሳይጨምሩ ወደ ሕክምናው ድንኳን ይሂዱና የጠጡትን መጠን ለሐኪሙ ይንገሩ።