ፊልሙ ተበላሽቶ ሲወጣ፦ የካሜራው፣ የፎቶ ቤቱ ወይስ የሣጥኑ ችግር?

ፊልም አሳጥባችሁ የወጣው እንዳሰባችሁት ካልሆነ፣ ፎቶ ቤቱን ከመውቀሳችሁ በፊት ኔጋቲቩን (የታጠበውን ፊልም) ወደ መስኮት ብርሃን ያዙና ዳሩን አንብቡ። ከቀዳዳዎቹ አጠገብ የፊልሙ ስምና የፍሬም ቁጥሮች አሉ። ፋብሪካው በብርሃን ያሳረፋቸው ስለሆኑ የሚታዩት ፊልሙ ሲታጠብ ብቻ ነው፤ ካሜራችሁ አይነካቸውም። እጥበቱ ደህና እንደነበረ ከእነሱ የተሻለ የሚመሰክር የለም። የታተመው ፎቶ አያስረዳችሁም፣ ማሽኑ ብዙ ጉድለት አስተካክሎ ያትማልና። በስልክ የሚላክላችሁ ስካንም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ፊልም ስትሰጡ ገና ከመነሻው «ኔጋቲቩን እወስዳለሁ» ብላችሁ ፖስታው ላይ አስጽፉ።

ፊልሙ ላይ ምንም ምስል የለም

ቁጥሮቹ ጠቆር ብለው እየተነበቡ ፍሬሞቹ ባዶ ከሆኑ እጥበቱ ጤነኛ ነበር። ፊልሙ ካሜራው ውስጥ አልተንቀሳቀሰም፣ ወይም መዝጊያው አልተከፈተም። በሚቀጥለው ጊዜ ፊልሙን ከጫናችሁ በኋላ የመመለሻውን እጀታ በቀስታ አጥብቁት፤ ፊልሙን ወደፊት በሳባችሁ ቁጥር እጀታውም አብሮ መዞር አለበት። ካልዞረ ጫፉ አልተያዘም ማለት ነው።

ቁጥሮቹም ከጠፉና ፊልሙ ከዳር እስከ ዳር ጥርት ብሎ ከወጣ ጥፋቱ የእጥበቱ ነው፦ ዴቨሎፐሩ (ምስሉን የሚያወጣው ኬሚካል) ሞቷል፣ ወይም ፊክሰሩ (ምስሉን የሚያጸናው ኬሚካል) ቀድሞ ገብቷል። ያ ምስል አይመለስም። ቢሆንም ወስዳችሁ አሳዩ፤ ኬሚካሉ ሳይቀየር የሌላ ሰው የሠርግ ፊልም ሊገባበት ይችላል። ዳሩን ጨምሮ ሁሉም ከጠቆረ ደግሞ ብርሃን ገብቶበታል።

ምስሉ አለ፣ ግን ሳስቷል

እዚህ ላይ ብዙ ጭቅጭቅ ይነሣል። ቁጥሮቹ ደማቅ ሆነው ምስሉ ብቻ ከሳሳ፣ ፊልሙ ሲነሣ በቂ ብርሃን አላገኘም። የብርሃን መለኪያውን ባትሪና ካሜራው ላይ የሞላችሁትን የፊልም ፍጥነት (አይኤስኦ) ተመልከቱ። ቁጥሮቹም ምስሉም እኩል ከሳሱ ግን የደከመው ኬሚካሉ ነው።

ለምን እንደሚደክም ማወቅ ከፎቶ ቤቱ ጋር ለመነጋገር ይረዳል። የቀለም ኔጋቲቭ የሚታጠበው ሲ-41 በሚባለው ዘዴ ነው፤ ዴቨሎፐሩ 37.8 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ሆኖ ፊልሙ 3 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ይቆይበታል። ማሽኑ ፊልም ባስገባ ቁጥር ትኩስ ኬሚካል ይጨመርበታል። ብዙ ፊልም ሲገባ ኬሚካሉ ይታደሳል፤ ሥራ ሲቀንስ ግን አየር እየበላው ባለበት ይሞታል። ድሮ በአንድ በዓል ሰሞን ይገባ የነበረው ፊልም ዛሬ በወራትም ላይገባ ስለሚችል፣ ባለሙያው ጎበዝ ሆኖም ውጤቱ ሊደክም ይችላል። ስለዚህ «ፊልም የምታጥቡት በየስንት ጊዜው ነው? ኬሚካሉ መቼ ተቀየረ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሥራውን የሚያከብር ባለሙያ በጥያቄው አይቀየምም። ከጓደኞቻችሁ ጋር ፊልም አሰባስባችሁ ኬሚካል በሚቀየርበት ቀን አንድ ላይ አስገቡ። ከሁሉም በፊት ደግሞ የማያሳዝናችሁን አንድ ፊልም ለሙከራ አሳጥቡ።

ድሬዳዋ ላይ የሚያጥብ አጥታችሁ አዲስ አበባ የምትልኩ ከሆነ፣ የተነሣ ፊልም በሙቀት ምስሉ እየደከመ እንደሚሄድ አስታውሱ። ቶሎ ላኩት። ሾፌሩ ከመስታወቱ ሥር ፀሐይ ላይ እንዳያስቀምጠው አደራ በሉት። ከውጭ ፊልም የሚያመጣላችሁ ዘመድ ካለ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አያስገባው፤ የዚያ ኤክስሬይ ኃይለኛ ስለሆነ ፊልሙን ያደበዝዘዋል።

ነጫጭ ነጠብጣብ

ይህ የድሬ ውሃ ሥራ ነው። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ፊልሙ ሲደርቅ ላዩ ላይ ይቀራል። በአንጸባራቂው ገጽ ላይ ከሆነ በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ፣ በጥቂት እርጥበት ቀስ ተብሎ ይጠረጋል። ደብዛዛውን ገጽ ግን አትንኩ፤ ምስሉ ያለው እዚያ ነው። ጥቁርና ነጭ ፊልም ከሆነ 20 ዲግሪ ገደማ በሆነ የተጣራ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ንከሩትና ነፋስና አቧራ በሌለበት አንጠልጥሉት። የተጣራ ውሃ ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው ነው፤ አሲዱን እንዳይሰጧችሁ ብቻ ተጠንቀቁ። የቀለም ፊልም ከሆነ ቤት ውስጥ አትንከሩት፤ በመጨረሻው ማጠቢያ ደግሞ እንዲያሳልፍላችሁ ፎቶ ቤቱን ጠይቁ።

ጥቁርና ነጭ ኔጋቲቭ ወተት የመሰለ ጉም ከለበሰ ፊክሰር አንሶታል፤ ቶሎ ከተደረሰበት እንደገና ፊክሰር ውስጥ ገብቶ በደንብ ሲታጠብ ይድናል። በፊልሙ ርዝመት ቀጥ ብሎ የሚሄድ ጭረት ከካሜራው ወይም ከማሽኑ ውስጥ የገባ አሸዋ ነው። ወዲህ ወዲያ የሚሄደው የእጅ ነው።

የኮምጣጤ ሽታ፣ መጣበቅ፣ ቀለም መልቀቅ

እጥበቱ ደህና ሆኖ ከዓመታት በኋላ የሚመጣ ብልሽት ምክንያቱ ቤታችን ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ቁም ሣጥን ላይ የተቀመጠ ኔጋቲቭ የድሬን ግንቦት በሙሉ ይጠበስበታል። የቆየ የአሴቴት (የፕላስቲክ ዓይነት ነው) ፊልም በሙቀትና በእርጥበት ሲፈርስ የኮምጣጤ ሽታ ያወጣል፤ የሚወጣው አሲድ ራሱ መፍረሱን ያፋጥናል። መድኃኒት የለውም። ከሌሎቹ ለዩት፣ አየር የሚያገኝበት ቦታ አስቀምጡትና ሳይጨማደድ ስካን አስደርጉት።

ለሌሎቹ ቦታ ቀይሩላቸው። በቤቱ ውስጥ ቀዝቀዝ ያለው ክፍል፣ ከወለል ከፍ፣ ከጣሪያ ዝቅ ያለ መደርደሪያ ይሻላል። ሽታ ያለውን የፒቪሲ አልበም ትታችሁ በፖሊፕሮፒሊን ከረጢት ወይም በአሲድ አልባ ወረቀት አስቀምጧቸው። የብል መድኃኒትም አታስጠጓቸው። እኔ ሐረር ዘመድ ላለው ሰው የምመክረው ሣጥኑን እዚያ እንዲያኖር ነው፤ ከተማዋ ከድሬ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል አየሩ ራሱ ይጠብቀዋል። ማቀዝቀዣ የምትጠቀሙ ከሆነ አየር በማያስገባ ከረጢት ሁለት ጊዜ አሽጉ፤ ስታወጡት የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ድረስ አትክፈቱት፣ ያለበለዚያ ጤዛ ይይዘዋል።

ውሃ ከገባበት

በ1998 ዓ.ም. ክረምት የድሬዳዋው ደጫቱ ወንዝ ሞልቶ ሲያጥለቀልቅ ያየ ሰው ኔጋቲቭ መሬት ላይ አያስቀምጥም። ጎርፍ የነካው ፊልም በጭቃው እንዲደርቅ አትተዉት፤ ከከረጢቱ ጋር ይጣበቃል። በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አቆዩትና በ48 ሰዓት ውስጥ ጭቃውን በቀስታ አስለቅቃችሁ አንድ በአንድ አንጠልጥሉ። ካልደረሳችሁ እርጥቡን እንዳለ በረዶ ቤት አስገቡት፤ ባለሙያ እስኪገኝ ጊዜ ይሰጣችኋል። ደርቆ ከተጣበቀ አትጎትቱት። ከረጢቱ ግልጽ ከሆነ ከነከረጢቱ ስካን አስደርጉት፣ ከዚያ በኋላ ነው ስለ ማላቀቅ የሚታሰበው።