የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ተምሮ መምህር እንዴት መሆን ይቻላል?

የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። እንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ተምሬ አሁን እዚሁ ድሬ ሁለተኛ ደረጃ አስተምራለሁ። 12ኛ ክፍል የሚጨርሱ ተማሪዎቼ በየዓመቱ መንገዱን ይጠይቁኛል። በቃል የምነግራቸውን እነሆ ጻፍኩት። አብዛኛው ደረጃ ቀላል ነው። አንዱ ላይ ግን ብዙ ሰው ይወድቃል፤ እኔም ወድቄበታለሁ። እሱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

1. መግባት

የ12ኛ ክፍልን ፈተና አልፋችሁ ምርጫችሁን ትሞላላችሁ፤ ምደባው ከትምህርት ሚኒስቴር ይመጣል። እኛ አካባቢ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲና ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ አሉ። ሐረማያ ከደረሳችሁ ጋቢ ያዙ። ደንገጎን ወጥታችሁ ስታልፉ የድሬ ሙቀት ከኋላ ይቀራል፤ ማታ ቁጭ ብሎ ለሚያነብ ሰው ብርዱ ከባድ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ኮርስ ነው። ከዚያ በውጤታችሁ ተወዳድራችሁ ዲፓርትመንት ትገባላችሁ። ብዙ ልጅ እንግሊዝኛ የሚደርሰው መርጦት ሳይሆን የፈለገው ሲሞላበት ነው። እንዲህ ከሆነባችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ከእኛ ባች ጎበዝ መምህር ከወጣቸው አንዷ የመጀመሪያውን ወር በለቅሶ ነበር ያሳለፈችው።

2. መጽሐፉን ራሱን ማንበብ

ዋናው ይሄ ነው። ሁለተኛ ዓመት ላይ የልቦለድ ኮርስ ነበረን። ግቢ በር ላይ ካለ ኮፒ ቤት ስድስት ገጽ ሀንድአውት ይሸጥ ነበር፤ ታሪኩ ባጭሩ፣ ገጸ ባሕርያቱ፣ ጭብጡ፣ ሁሉም ተዘርዝሮ። መጽሐፉን ገልጬ ሳላይ እሱን ሸመደድኩ። ፈተናው ሲመጣ ከመጽሐፉ መሐል አንድ አንቀጽ ተቀድቶ ተሰጠን። የሚናገረው ማን ነው? ለምን አሁን ይናገራል? ከዚህ በኋላ በሁለቱ መካከል ምን ይቀየራል? አንዱንም መመለስ አልቻልኩም። ዲ ገባብኝ። ያ ዲ እስክመረቅ ድረስ ጂፒኤዬን ሲጎትተው ኖረ።

ከዚያ በኋላ መጽሐፉን ይዤ ተቀመጥኩ። ሁለተኛው ስህተቴ የመጣው ያኔ ነው። ያላወቅኩትን ቃል ሁሉ መዝገበ ቃላት እያየሁ ጻፍኩ። በሁለት ሰዓት ሁለት ገጽ። 12ኛው ገጽ ላይ ስደርስ መጀመሪያውን ረስቼው ነበር። መጽሐፉን አስቀመጥኩት።

በመጨረሻ የሠራልኝ መንገድ ይህ ነው። በቀን 10 ገጽ ብቻ። መዝገበ ቃላት የለም። የማታውቁትን ቃል ዝለሉት። ያው ቃል ሦስት ጊዜ ከተመለሰ ግን አስምሩበት፤ ለታሪኩ የሚያስፈልግ ቃል መመለሱ አይቀርም። ምዕራፉ ሲያልቅ ያሰመራችሁባቸውን ብቻ ፈልጉ። እንግሊዝኛን በእንግሊዝኛ የሚፈታ መዝገበ ቃላት ስልካችሁ ላይ ጫኑ። በአማርኛ የሚፈታው ብዙ ጊዜ አንድ ትርጉም ሰጥቶ ያቆማል፤ ሥነ ጽሑፍ ደግሞ የሚሠራው በሁለተኛውና በሦስተኛው ትርጉም ነው።

ቀጥሎ መጽሐፉን ዝጉና ምዕራፉን ለአንድ ሰው በአፍ ተርኩለት። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ፣ በሐረሪ፣ ቤታችሁ በሚነገረው። እኔ ለዕረፍት ስመጣ ማታ በረንዳ ላይ ለታናሽ ወንድሜ እተርክለት ነበር። «ታዲያ ለምን እውነቱን አልነገራትም?» ይለኛል። መልስ ካጣሁ ያንን ቦታ አልፌዋለሁ ማለት ነው፤ ተመልሼ አነበዋለሁ። የትኛውም ሀንድአውት እንደ ወንድሜ ጥያቄ አላስተማረኝም።

ከዚያ ደብተር ላይ ሦስት ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ጻፉ። ምን ሆነ፤ ማን ምን ፈለገ፤ የትኛው ዓረፍተ ነገር አስቆመኝ። የገጹን ቁጥር አትርሱ። ፈተና ሲደርስ የምታጠኑት ይህንን ደብተር ነው።

ሀንድአውትም ሆነ ኤአይ የሚሰጣችሁ ማጠቃለያ የሚጠቅመው ካነበባችሁ በኋላ ነው። ያኔ ትከራከሩታላችሁ። ሳታነቡ ከሆነ ግን የሰው አስተያየት ተሸክማችሁ ትዞራላችሁ።

ግጥም ሲሆን እኛ አንድ ጥሩ ነገር አለን፤ ሰምና ወርቅ ሰምተን ነው ያደግነው። ግን ወደ ወርቁ አትሩጡ። የእንግሊዝኛ ገጣሚ ለቤቱና ለምቱ ሲል የቃላቱን ቅደም ተከተል ይገለብጣል። መጀመሪያ ግሡን ፈልጉ። ማን እንዳደረገው፣ ማን ላይ እንዳደረገው ለዩ። ስንኞቹን ወደ ተራ ዓረፍተ ነገር መልሳችሁ ጻፉ። ሰሙን በትክክል ሳይዙ «ሞትን ይወክላል» ማለት ግምት ነው።

ለሼክስፒር መጀመሪያ የጸጋዬ ገብረመድኅንን ኦቴሎ ወይም ሐምሌት በአማርኛ አንብቡ። ይሄ ማጭበርበር አይደለም። የሰዎቹን ጠብና ፍቅር አውቃችሁ ስትገቡ የቆየው እንግሊዝኛ ግማሽ ክብደቱን ይጥላል።

አንድ ሌላ ልምምድ ልጨምር። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1855 ሐረር ገብቶ 10 ቀን ቆይቷል። በዓመቱ የጉዞ መጽሐፉን አሳተመ። ፕሮጀክት ጉተንበርግ ከሚባለው የመጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይወርዳል። ሐረርን የሚገልጽበትን ምዕራፍ ብቻ አንብቡ። እንግሊዝኛው ከባድ ነው፤ ግን ግንቡን፣ በሮቹንና የጀጎልን ጠባብ መንገዶች ስለምታውቋቸው ቦታው ራሱ ይመራችኋል። ሰውዬው ከተማዋንና ሕዝቧን የሚንቅበት ቦታ ብዙ ነው። እዚያ ላይ ቁሙ። የትኛው ቃል ነው ንቀቱን የተሸከመው? ያየውን ነው የጻፈው ወይስ ይዞት የመጣውን? አንድ ቅዳሜ ከጓደኛዬ ጋር ምዕራፉን ይዘን በፈረስ መጋላ በኩል ጀጎል ገባንና አንቀጽ በአንቀጽ አነበብነው። ተራኪን መጠራጠር የተማርኩት ያን ቀን ነው።

3. ሌሎቹ ኮርሶች፣ የመመረቂያ ጽሑፍና የመውጫ ፈተና

ሰዋስውና የድምፅ ኮርሶች ልምምድ ይፈልጋሉ፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሥሩ።

ለመመረቂያ ጽሑፍ አንድ አጭር ሥራ፣ አንድ ጥያቄ። «የሴቶች ሥዕል በአፍሪካ ልቦለድ» ብላችሁ ከተነሣችሁ አያልቅም። የአንዷን ሴት ዝምታ በአንድ ልቦለድ ውስጥ ብትከተሉ ግን ይበቃል። የተሠራ ጽሑፍ የሚሸጡ አሉ። አትግዙ። የዛሬ ሁለት ዓመት የራሳችሁን ተማሪ ድርሰት ስታርሙ ያቺ ችሎታ ታስፈልጋችኋለች።

የመውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ከላይ ያልኩት ደብተር እዚህም ይሠራል።

4. የመምህርነት ሥልጠና

የሥነ ጽሑፍ ዲግሪ ብቻውን መምህር አያደርግም። በእኔ ጊዜ ከዲግሪው በኋላ ፒጂዲቲ የሚባለውን የማስተማር ዲፕሎማ ወስደን ነው ክፍል የገባነው። አሠራሩ ስለሚቀያየር ሦስተኛ ዓመት ላይ ሆናችሁ የትምህርት ክፍላችሁን ጠይቁ፤ ምረቃን አትጠብቁ።

ለማስተማር ልምምድ የወጣሁ ቀን አንድ አጭር ግጥም ይዤ ዘጠነኛ ክፍል ገባሁ። ክፍለ ጊዜውን ሙሉ ስለ ምልክትና ስለ ዘይቤ ተናገርኩ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ገብቷቸው መሰለኝ። ሊደወል ሲል ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ሁለተኛው መስመር ላይ ያለው ቃል ምን ማለት ነው?» አለችኝ። ያ ቃል ካልተፈታ ግጥሙ አይፈታም። ለሌላውም ተማሪ አልገባውም ነበር፤ የጠየቀችው እሷ ብቻ ናት። ቤቴ ገብቼ በጣም አዘንኩ።

አሁን እንዲህ አደርጋለሁ። ስድስት መስመር ብቻ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ሁለት ጊዜ ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ አንዴ እነሱ ያነባሉ። ሦስት ቃል ብቻ እፈታለሁ። ከዚያ ጥንድ ጥንድ ሆነው በፈለጉት ቋንቋ ለጓደኛቸው ይተርኩታል። እኔ በየዴስኩ መሐል እየዞርኩ እሰማለሁ። አንዱ «ለምን?» ሲል ስሰማ ያንን ጥያቄ በእንግሊዝኛ አድርጌ ሰሌዳው ላይ እጽፈዋለሁ፤ የቀረው ደቂቃ በሙሉ የሱ ነው።